ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ፦ ሕይወታቸው፣ ሕመማቸውና ለጾም ስኳር ምርመራ የሚሰጡት ትምህርት

የነገሥታትን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ሲያነሡ ብዙውን ጊዜ የሚያተኩሩት በዘውዳቸው፣ በሃይማኖታቸውና ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ ጋር በነበራቸው የሥልጣን ግንኙነት ላይ ነው። ስለ ጤናቸው የተጻፈው በጣም ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ንግሥቲቱ የስኳር በሽታ እንደነበረባቸውና በዐቢይ ጾም ወራት በጠና ትኩሳት ታመው እንደሞቱ የታሪክ መጻሕፍት መዝግበዋል። ይህ አጭር መዝገብ ለሕክምናና ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። በመሆኑም የሕይወታቸውን ታሪክ ከሕመማቸው ጋር አያይዞ መመልከት፣ ከዚያም ዛሬ በሚዛን፣ በቴፒና በመላው የደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር በየማለዳው የሚሠራውን የጾም ስኳር ምርመራ በዚያ ብርሃን ማየት ተገቢ ይሆናል።

ልደትና የልጅነት ዘመን

ዘውዲቱ የተወለዱት በሚያዝያ ወር 1868 ዓ.ም. ነው። አባታቸው በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ፣ እናታቸው የወሎ ተወላጅ የሆኑት ወይዘሮ አብቺው ነበሩ። የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ይባላል። ያደጉት በአባታቸው ቤት ነው። በዘመኑ የመሳፍንት ሴት ልጅ ዕጣ በጋብቻ የፖለቲካ ውል ማጽኛ መሆን ነበርና፣ ዘውዲቱም ገና በልጅነታቸው ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። በትግሬና በሸዋ መካከል ሰላም እንዲጸና የታሰበበት ይህ ጋብቻ ግን ብዙ አልቆየም። ራስ አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ሞቱ፤ ዘውዲቱም ልጅ ሳይወልዱ ወደ አባታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ጋብቻዎች ተከትለው በመጨረሻ በ1892 ዓ.ም. የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ። ይህ የመጨረሻው ጋብቻ ፍቅር የነበረበት እንደ ነበረ ይነገራል፤ መከራውም በኋላ የመጣው ከዚሁ ነው።

ወደ ዙፋን

አፄ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. በደረሰባቸው የአንጎል ደም መፍሰስ ሰውነታቸው ሽባ ሆኖ ለዓመታት ከተኙ በኋላ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በቦታቸው ሲተኩ፣ ዘውዲቱ ከቤተ መንግሥት ርቀው በገጠር እንዲቀመጡ ተደረገ። ብዙ ሳይቆይ ግን መሳፍንቱና ቤተ ክህነቱ በኢያሱ ላይ ተስማሙና መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት ሽረው ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪን አልጋ ወራሽና እንደራሴ አደረጉ። በወሩ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ሜዳ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆኑ። ዘውዲቱም የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጊዮርጊስ ዘውድ ጫኑ።

ዘውዱ ግን ዋጋ ነበረው። ባለቤታቸው ራስ ጉግሣ በቤተ መንግሥት ኃይል እንዳያገኙ ከንግሥቲቱ ተለይተው ወደ በጌምድር ተሾሙ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዘውዲቱ ብቸኛ ሆነው ኖሩ። ቀናቸውን ለጸሎት፣ ለጾምና ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ሰጡ። ለአባታቸው መካነ መቃብር እንዲሆን በአዲስ አበባ የታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። የአገሩን አስተዳደር፣ የውጭ ግንኙነቱንና አዲሱን ሥልጣኔ የሚያራምደው ግን ከቀን ወደ ቀን አልጋ ወራሹ ሆነ።

ንግሥቲቱና የደቡብ ምዕራቡ ምድር

በዘውዲቱ ዘመን ዛሬ ሚዛን አማን የምትባለውና ለረጅም ጊዜ ሚዛን ተፈሪ በመባል የታወቀችው ከተማ አካባቢ ከአዲስ አበባ እጅግ የራቀ ምድር ነበር። ከፋ በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከተያዘ ወዲህ፣ በዚያ ዘመን ጊሚራ እየተባለ ይጠራ የነበረው የቤንችና የአጎራባቹ ሕዝብ አገር እንዲሁም ማጂ በነፍጠኛና በገባር ሥርዓት ሥር ወደቀ። ገበሬው ማር፣ ቡና፣ እህልና ጉልበት ይገብር ነበር። ከግብሩም የከፋው የባሪያ ንግድ ነው፤ ብዙ መንደሮች ባዶ እስኪሆኑ ድረስ ሰው እየተፈነገለ ተሸጠ። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ስለ ባርነት ግዴታ ገባች፤ በዚያው ዓመትም ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ሕግ ታወጀ። አዋጁ ግን ማጂና ጊሚራ እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ወሰደ።

ስለ በሽታ ስንናገር ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የስኳር በሽታ የሚታሰበው፣ ከታሰበም፣ የጠገበና የተቀመጠ ሰው ሕመም ተደርጎ ነበር። ማሩን ቆርጦ የሚያወርደው፣ ቡናውን ተሸክሞ ወደ ጎሬ የሚሄደው፣ ከዚያም በጋምቤላ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን እንዲጫን የሚያደርሰው ሰው በወባ፣ በረኃብና በፍንገላ ይሞት ነበርና ስኳሩን የሚመረምርለት ቀርቶ የሚያስብለትም አልነበረም። ሕመሙ በመዝገብ የተጻፈላቸው ንግሥቲቱ ናቸው። የገባሩ ሕመም ያለ ስም ቀረ።

የዘመኑ ሕክምና ምን ይችል ነበር

ዘውዲቱ ሲነግሡ በዓለም ላይ የስኳር በሽታ መድኃኒት አልነበረውም። የሽንትንም ሆነ የደምን ጣፋጭነት እንግሊዛዊው ማቲው ዶብሰን እ.ኤ.አ. በ1776 አሳይቷል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሽንት ውስጥ ስኳር መኖሩን በመዳብ ውሁድ ቀለም ለውጥ ማወቅ ተችሏል። ሽንት ግን ዘግይቶ የሚናገር ምስክር ነው፤ የደሙ ስኳር በዴሲሊትር ወደ 180 ሚሊግራም ገደማ ካላለፈ ኩላሊት ስኳሩን ወደ ሽንት አይለቅምና፣ ሽንቱ ንጹሕ የሆነ ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አልነበረም። ከጥቂት ደም ስኳርን በትክክል መለካት የተቻለው ኢቫር ባንግ እ.ኤ.አ. በ1913፣ ኦቶ ፎሊንና ሕሲየን ዉ ደግሞ በ1920 ገደማ ባወጡት ዘዴ ነው። ኢንሱሊን በካናዳ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1921 ተገኝቶ በጥር ወር 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ልጅ ተሰጠ።

የደም ስኳር መለኪያ ዘዴዎቹና ኢንሱሊን የተገኙት በዘውዲቱ የንግሥና ዘመን ወይም ከዚያ በፊት ባሉ ጥቂት ዓመታት ነው። ስለዚህ እርሳቸው በሞቱበት ዓመት የደም ስኳር መለኪያውም ኢንሱሊኑም በዓለም ላይ ነበሩ። በአዲስ አበባ ግን ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ሲመታ ከነዚያ ጥቂት ሐኪሞች ከፊሎቹ ከሕዝቡ ጋር አብረው ሞተዋል። የስኳር በሽታ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች እንዳሉት፣ ይኸውም አንዱ ኢንሱሊን የሚጎድልበት ሌላው ሰውነት ለኢንሱሊን የማይታዘዝበት መሆኑን ሃሮልድ ሂምስወርዝ በምርመራ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1936፣ ንግሥቲቱ ከሞቱ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በመሆኑም በዛሬው አከፋፈል የንግሥቲቱ ሕመም የትኛው ዓይነት ነበር ብሎ መፍረድ አይቻልም። ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው ሰዎች በብዛት የሚገኘው ግን ሁለተኛው ዓይነት መሆኑ የታወቀ ነው።

የመጨረሻዎቹ ቀናት

ከ1919 ዓ.ም. በኋላ የንግሥቲቱ ድጋፍ እየሳሳ ሄደ። በዚያ ዓመት የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ በተከታታይ ሞቱ። በ1921 ዓ.ም. መስከረም 27 ቀን ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በበጌምድር ያሉት ራስ ጉግሣ ወሌ ይህን አልተቀበሉም። ሸፍተው ጦር አስነሡና መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ተገደሉ። በዚያ ጦርነት አውሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር ለውጊያ ዋለ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ53 ዓመታቸው ዐረፉ። ስለ አሟሟታቸው ብዙ ተብሏል። በሕዝቡ ዘንድ የባላቸውን ሞት ሰምተው በኀዘን እንደሞቱ ይወራል፤ ሌሎች ወሬው ሳይደርሳቸው እንደሞቱ ይጽፋሉ፤ መርዝ የሚሉም አልታጡም። በዲፕሎማቶች ዘገባ የተላለፈው ሌላው ታሪክ፣ የአንጀት ተስቦ በሚመስል ከባድ ትኩሳት ላይ ሳሉ ለፈውስ ሲባል በቀዝቃዛ ጸበል ውስጥ እንደተነከሩና ሰውነታቸው ያንን መቋቋም እንዳልቻለ ይናገራል። ከነዚህ ውስጥ አንዱን መርጦ ማጽናት የታሪክ ሰዎች ሥራ ነው። የሕክምና ሰው ግን በሁሉም ታሪኮች ሥር ያለውን ሁኔታ ይመለከታል፤ ይኸውም የስኳር በሽታ ያለባት አንዲት ሴት በዐቢይ ጾም መካከል በጽኑ ትኩሳት መያዟን ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን ስለነበር ንግሥቲቱ የሞቱት ጾሙ ከአምስት ሳምንት በላይ ከቆየ በኋላ ነበር።

ትኩሳት የሰውነትን የጭንቀት ሆርሞኖች ያነሣሣል፤ እነዚህም ጉበት ስኳር እንዲለቅ ያዝዛሉ፤ የኢንሱሊንንም ኃይል ያዳክማሉ። ስለዚህ የስኳር በሽተኛ ምንም ሳይበላ ቢተኛ እንኳ በትኩሳት ጊዜ የደም ስኳሩ ይወጣል። ስኳሩ በሽንት ሲወጣ ውኃ አብሮ ይጎትታል፤ ሰውነት ይደርቃል፤ የደም ግፊት ይወርዳል። እንዲህ ባለው ሰውነት ላይ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ቢጨመር አደጋው ግልጽ ነው። ከታማሚዋ አልጋ አጠገብ የነበሩት ሰዎች ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። በእምነታቸው መሠረት የሚያውቁትን አደረጉ።

ምርመራው ዛሬ የደረሰበት

በጾም የሚደረገው የደም ስኳር ምርመራ የሚያየው የጉበትንና የቆሽትን የሌሊት ሥራ ነው። ጤነኛ ሰው ሲተኛ ጉበቱ ለአንጎል የሚበቃ ስኳር በመጠኑ ይለቃል፤ ከቆሽት የሚወጣው ጥቂት ኢንሱሊን ደግሞ ልጓም ሆኖ ይይዘዋል። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ጉበት ለልጓሙ አይታዘዝም። ስለዚህ ሌሊቱን ሁሉ ሳይበላ ያደረ ሰው ማለዳ ላይ ደሙ በስኳር ተሞልቶ ይገኛል።

መለያ ቁጥሩም በጊዜ ብዛት ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዴሲሊትር 140 ሚሊግራም የነበረው ወሰን በ1997 በአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር፣ በ1999 ደግሞ በዓለም የጤና ድርጅት ወደ 126 ወርዷል። ምክንያቱ ቀደም ሲል ጤነኛ ይባሉ ከነበሩት መካከል የዓይን ብሌን ውስጠኛ ደም ሥር ጉዳት የጀመራቸው ሰዎች መገኘታቸው ነው። ዛሬ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ከውኃ በስተቀር ምንም ያልቀመሰ ሰው የፕላዝማ ስኳሩ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና የበሽታው ምልክት ከሌለው፣ በሌላ ቀን ተደግሞ መረጋገጥ አለበት። ከ126 በታች ያለውን የማስጠንቀቂያ ክልል የዓለም የጤና ድርጅት ከ110፣ የአሜሪካው ማኅበር ከ100 ይጀምሩታል። ምርመራው የበሽታውን መኖር ይናገራል እንጂ ዓይነቱን አይናገርም፤ ያንን የታማሚው ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የሕመሙ አጀማመርና ሌሎች ምርመራዎች ይወስናሉ።

በሚዛንና በቴፒ ማለዳ

በዘውዲቱ ዘመን ሐኪም ያልደረሰበት ያ ምድር ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ከበበቃ ቡና እርሻ፣ ከሸኮ፣ ከቴፒና ከየገጠሩ ታማሚ ይመጣል። የሚመጣውም የጠገበና የተቀመጠ ሰው ብቻ አይደለም፤ ቡና ለቃሚው፣ ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ የቤት እመቤቷ ሁሉ ይሰለፋሉ። መሣሪያው ደርሷል። የቁጥሩ ታማኝነት ግን መሣሪያውን በያዘው ሰው እጅ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ከቃሉ ይነሣል። በአማርኛ ጾም ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ መከልከልን ነው። ጾመኛ የሆነ ሰው ማለዳ ላይ ሽሮ በልቶ፣ ወይም ስኳር የተጨመረበት ቡና ጠጥቶ መጥቶ መጾሙን በቅን ልቡና ይመሰክራል። በረመዳን ወር ደግሞ ሙስሊሙ ለሱሑር ጎሕ ሳይቀድ በልቶ ሲመጣ ስምንት ሰዓት አልሞላውም። ስለዚህ ጾመው እንደሆነ መጠየቅ በቂ አይደለም። ከትናንት እራት በኋላ ምን እንደ ቀመሱ፣ በስንት ሰዓት እንደ ቀመሱ፣ ማር፣ ቡና፣ የቡና ቅጠል ሻይ ወይም ጠላ ጭምር ተጠቅሶ መጠየቅ ይገባል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እራቱን ጨርሶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ደም የሚሰጥ ሰው አሥር ሰዓት ይሞላዋል፤ ይህ ለገጠር ታማሚም የሚመች ሥርዓት ነው፤ ከሩቅ የሚመጣው ግን አድሮ እንዲመረመር ካልተመከረ በመንገድ ላይ መቅመሱ አይቀርም።

ሁለተኛው ችግር ከብልቃጡ ነው። ደሙ ተቀድቶ ፕላዝማው ሳይለይ ከተቀመጠ ቀይና ነጭ የደም ሕዋሳት ስኳሩን እየበሉ ይቀጥላሉ። በተለመደ የክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከመቶ 5 እስከ 7 እጅ ይቀንሳል፤ እንደ ቴፒ ባለ ሞቃት ቦታም ይፋጠናል። ሲቀዳ 130 የነበረ ናሙና ሁለት ሰዓት ቢቆይ ወደ 115 ገደማ ሊወርድ ይችላል። ታማሚው ጤነኛ ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በሽታውም አብሮት ይሄዳል። ፍሎራይድ ያለበት ብልቃጥ ይረዳል፤ ነገር ግን ሥራውን በመጀመሪያው ሰዓት ሙሉ በሙሉ አይሠራምና ፈጥኖ በሴንትሪፊዩጅ መለየቱን አይተካም። በጣት ደም የሚሠራው ግሉኮሜትርም ለክትትልና ለመለየት ይጠቅማል እንጂ ለመጨረሻው ውሳኔ የላቦራቶሪው ፕላዝማ ይመረጣል።

ሦስተኛው ከንግሥቲቱ ታሪክ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ነው። በቆላማው የቡና ምድር ትኩሳት ሲኖር በመጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። በትኩሳት ላይ ያለ ሰው ስኳሩ ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ የስኳር በሽታ ይኖርበት ይሆናል፤ ወይም ትኩሳቱ ለጊዜው ከፍ አድርጎት ይሆናል። ስለዚህ ትኩሳቱ በሚፈልገው መንገድ ታክሞ ሲድን የጾም ምርመራው መደገም አለበት። በሌላ በኩል ከባድ ወባና ኪኒን ስኳርን በጣም ሊያወርዱ ስለሚችሉ፣ የታወቀ የስኳር በሽተኛ በትኩሳት ሲተኛ አንድ ጊዜ ለክቶ መተው አይበቃም። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የሄሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ ምርመራም ወባና የደም ማነስ በበዙበት አካባቢ ሊያሳስት ይችላልና፣ በጥንቃቄ የተሠራ የጾም ስኳር ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ክብሩ ከፍ ያለ ነው።

አራተኛው ምክር ነው። የስኳር በሽታ እንዳለበት የተነገረው ምእመን ዐቢይ ጾም ሲመጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ ሳይቀምስ መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ቢወስድ ስኳሩ በአደጋ ሊወርድ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ከሐኪሙና ከነፍስ አባቱ ጋር መነጋገር ይገባዋል፤ የታመመ ሰው ከጾም ሊፈታ እንደሚችል ቤተ ክርስቲያንም ታውቃለች። ጸበሉንና መድኃኒቱን በተቃራኒ ወገን ማቆም ታማሚውን ያርቃል እንጂ አያቀርብም። የባለሙያው ድርሻ ጸበል የሚሄደውን ሰው መከልከል ሳይሆን፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ ትኩሳት ካለው ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይነከር፣ ውኃ በብዛት እንዲጠጣ ማስረዳት ነው።

ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ከአባታቸው ጋር ባሠሩት በበዓታ ለማርያም ያርፋሉ። የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችውና በኋላ ወደ መንግሥት የዞረው የአዲስ አበባ ሆስፒታልም ስማቸውን ይዞ እስከ ዛሬ ያገለግላል። የደም ስኳር መለኪያ በዓለም ላይ እያለ በአልጋቸው አጠገብ ሳይኖር ሞቱ። ዛሬ መለኪያው በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በሚዛንና በቴፒም ይገኛል። ማር ሲገብሩ የኖሩ ሰዎች ልጆች በማለዳ ወረፋ ይዘው ክንዳቸውን ሲዘረጉ፣ የጾማቸው ሰዓት በትክክል ተጠይቆ፣ ደማቸው በጊዜው ተለይቶ፣ አጠራጣሪው ቁጥር በሁለተኛው ቀን ተደግሞ መልስ ማግኘት አለባቸው። ይህም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ በየዕለቱ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ግን ነው።